አምስት ጊዜ ማካፈል

ታላቅ ስም ያለበትን ነገር ሳንመረምር በደብተራችን መገልበጥ እኛ ተማሪዎች የለመድነው ነው። እስቲ 4,294,967,297ን እንመልከት። 32 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው 1 ሲጨመር ይገኛል። ሊቁ ፌርማ በ1640 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ አመነ። በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8ና በ16 ሁለቶች የሚገኙት ታናናሾቹ 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65,537 በእርግጥ ብቸኞች ናቸውና።

በ1732 ኦይለር ለ641 ቢያካፍለው 6,700,417 ደረሰ፤ ቀሪ የለም። 92 ዓመት!

ኦይለር በኋላ እንዳስረዳው፣ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። እንግዲያስ ከትንሹ ተነሥተን የምንሞክረው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 ነው። በእርሳስ አካፈልነው፤ አራቱ ቀሪ ተዉ፣ አምስተኛው ምንም አልተወም። ወደዚህ የሚያደርሰውን ደንብ በዚያው በ1640 የጻፈው ደግሞ ራሱ ፌርማ ነበር።