ክንፉን እስኪዘረጋ

በኅዳር፣ የማሽላው አጨዳ ሳያልቅ፣ ሦስት ሆነን አንድ ካሜራ ይዘን ከዋጃ ሜዳ በስተ ምዕራብ ወዳለው ተራራ ወጣን። የምንፈልገው ጉንጩ ነጭ የሆነውን ቱራኮ ነበር። ፍሬ የሚወድ፣ የበሰለ ሾላ ካለበት የማይርቅ ወፍ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ ብዙም አይገኝም።

ድምፁን ቀድመን ሰማን። መልኩን ያሳመረለት ጌታ ዜማ አልጨመረለትም፤ ሻካራ ማጉረምረም ነው። ከዚያ አረንጓዴው ሰውነቱ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ በቅርንጫፉ ላይ ሲሮጥ አየነው። ፎቶ አነሣን። የጓጓነው ግን ለቀዩ ነበር። ደማቁ ቀይ በክንፉ ላባዎች ላይ ነው፤ ክንፉን ሲያጥፍ አብዛኛው ይሸፈናል፤ ሲበር ይገለጣል። ሊቃውንት ቱራሲን የሚሉት ይህ ቀለም በውስጡ መዳብ አለበት።

ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ታናሻችን ጠጠር አንሥቶ፣ «ብወረውርበት ይነሣል» አለ። እኛ ታላላቆቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልከለከልነውም። ጠጠሩ ቅጠሉን መታው። ቀዩ ለቅጽበት በራ፤ በካሜራው የቀረልን ግን ባዶ ቅርንጫፍ ነው። እስኪመሽ ብንጠብቅ ወፉ አልተመለሰም።

ስንወርድ ብዙ አላወራንም። አንዲት እኅታችን ትዝ አለችን። በጦርነቱ ጊዜ ተፈናቅላ ከተመለሰች በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ዝም ብላ ታመልክ ነበር። እኛ አገልጋዮች «ጌታ ያደረገልሽን መስክሪ» እያልን ወተወትናት፤ አንድ እሑድ ስሟን ከመድረክ ጠራን። ቆመች። ቃል አልወጣትም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ለጉባኤው መታነጽ ብለን ነው አልን። ደግሞም ጥሩ ምስክርነት ጉባኤውን ያሞቃል፤ እርሱንም ወድደን ነበር።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ወፎችን እንድናይ ሲነግረን፣ የግሪኩ ቃል ትኩር ብሎ ማየትን ያመለክታል። ይህን ክፍል ስለ ጭንቀት ስንት ጊዜ ሰብከነዋል፤ ማየቱን ግን ዘለልነው።

በማግሥቱ ወደ ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። መልስ ሳትሰጠን ቡና ልታፈላ ተነሣች። ስለ ማሽላው፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት አወራን። በረካው ላይ ስንደርስ፣ «ጸልዩልኝ» አለችን። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ጸለይን።