የእግዜር እንግዳ በኪራይ አልጋ

በአገራችን የእንግድነት ነገር ከሒሳብ ጋር የተዋወቀው ገና በቅርብ ዘመን ነው። በጎጃም ደጋ፣ ከእነማይ እስከ ቢቡኝ፣ ከስናን እስከ ማቻከል፣ ቀን የጨለመበት መንገደኛ ውሻ ከሚጮህበት አጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩኝ!» ብሎ ሲጣራ፣ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመልስለትና፣ እግሩ በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ ከመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት፣ ካለው ተቋድሶ ያድር ነበር። የዚህ ሥርዓት ምንጩ መጽሐፋዊ መሆኑ አይካድም፤ አበ ብዙኃን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሥሎ እያየ ያደገ ገበሬ፣ ከደጁ የቆመው ሰው በእውነት ማን እንደ ሆነ እርግጠኛ ሊሆን አይችልምና፣ ለጥንቃቄም ቢሆን ያስገባዋል።

ይህን ስል የጥንቱን መስተንግዶ ገነት አድርጌ ለመሣል አይደለም። የመደቡ ቁንጫ ከመደቡ ጋር የኖረ ነባር ባለርስት ነበረ፤ ደግሞም ከደጅ ቆሞ የሚለምን እንግዳ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ይዞ ድርጎ የሚያስቆርጥ እንግዳም ነበረ፤ ለዚህኛው እንጀራውን፣ ማሩንና ሙክቱን የሚያዋጣው ባላገር በረከቱን ከመቍጠር ይልቅ የሚሄድበትን ቀን ይቈጥር እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የአባይን ምንጭ ፍለጋ በ1763 ዓ.ም. ሰከላ ግሽ ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ራሱ እንደ ጻፈው ከሆነ፣ ንጉሡ የግሽን መንደር እንዳለ ሰጥተውት ነበርና በእንግድነት የገባበትን አገር በጌትነት አገኘው። እኔ በዚያው በጎጃም ምድር አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ሳስታውስ፣ ሰውዬው ምን ያህል ዕድለኛ እንደ ነበረ ይገባኛል።

ሆቴል የሚባለውን ነገር በመዲናችን ሥር ያስያዙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ በ1890ዎቹ ማብቂያ ያቋቋሙት የእቴጌ ሆቴል፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ጭምር ተርፎ፣ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በመጀመሪያው ሰሞን ግን ገበያው ቀዝቅዞ እንደ ነበር ይተረካል። በሰው ፊት ገንዘብ ከፍሎ መብላት ነውር፣ እንጀራን በዋጋ መሸጥም ከነውር የባሰ ነውር በሚመስልበት ዘመን ማን ደፍሮ ይግባ? እናም አጤ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ገብተው፣ አብልተው አጠጥተው፣ እነሆ እንዲህ ነው የሚበላው፣ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ሒሳቡ የየራሳችሁ ነው ብለው አለማመዷቸው ይባላል።

የገጠሩ ሆቴል የዘር ሐረግ ግን ከዚህ ከከበረው ግንድ የሚመዘዝ አይመስለኝም። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ የመኪና መንገድ የአባይን በረሃ እየተሻገረ ወደ ጎጃም ሲዘልቅ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን የወጣው የጭነት መኪና ሾፌር ደጀን ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያርፍበት ይሻ ነበርና፣ ጠጅ የምትጥል ብልህ ሴት ከጓሮ ሁለት ሦስት ክፍል ቀጥላ አልጋ ታነጥፍ ጀመር። ፊት ለፊት ጠጅ፣ ከኋላ አልጋ! የገጠሩ ሆቴል የተወለደው እዚህ ነው። ያች ሴት ግን ደንበኛዋን በስሙ ታውቀዋለች፤ ሲያመው አብሽ ታፈላለታለች፣ ሳይከፍል የሄደ እንደ ሆነም በሚቀጥለው ጉዞው መኪናውን አስቁማ ትሰድበዋለች። ከዚያ ወዲህ ጠጁ በቢራ ተተካ፣ ከደጁ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ሴትየዋ ግን የለችም።

ባለፈው ክረምት መውጫ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በጮቄ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ሆቴል አርፌ ነበር። የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ ከሰርክ ጸሎት በኋላ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ በየበሩ ይዞራል። ሰሌዳው «ጸጥታ የሰፈነበት፣ ለመንፈስ ዕረፍት የሚመች» ይላል፤ እኔም የተመኘሁት ይህንኑ ጽሞና ነበር።

«ክፍያው በቅድሚያ ነው ጋሼ» አለችና ልጅቱ፣ ከከዘራ ቍራጭ ጋር የታሰረ ቁልፍ ሰጠችኝ። ከበሩ ጀርባ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል፦ አንሶላ በሲጋራ ያቃጠለ ይህን ያህል፣ ፎጣ ያጠፋ ይህን ያህል፣ ቁልፍ ይዞ የሄደ ይህን ያህል ብር ይከፍላል። የእንግዳው ኀጢአት ሁሉ ከነንስሓው ተዘርዝሯል፤ የባለቤቱ ግዴታ ግን አንድም አልተጻፈም። የውሃ ማሞቂያው ቀይ መብራት በርቷል፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። «ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው ጋሼ።» እውነቷን ነው፤ በመንፈቀ ሌሊት ቧንቧው ሳል እንደ ያዘው ሽማግሌ ሲጓጉር ቆይቶ፣ ጭቃ የመሰለ ውሃ ተፋ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ብጠይቅ ለአንድ አልጋ የተመደበው አንድ መሆኑ ተነገረኝ። ሜኑው ዳዊት ያህላል፤ ጥብሱን ብል «አልቋል»፣ ሩዙን ብል «አልቋል»፣ እንቁላሉን ብል «እሱስ ነገ ነው።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ሽሮ አለ ጋሼ።»

ሽሮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

ዋናውን ነገር የተረዳሁት ጧት ነው። በጎኔ ካለው ክፍል ያደረ አንድ የጤፍ ነጋዴ፣ ስስ በሆነው ግድግዳ በኩል እንደ ሰማሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ ባለሆቴሉን ከነዘር ማንዘሩ ሲራገም አድሮ ነበር። ሲነጋ ባለቤቱ ከደጅ ቆሞ «ተመችቶዎት አደሩ?» ቢለው፣ ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ተመችቶን አደርን» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። አልዋሸም፤ ለአብርሃም ቤት የሚገባውን መልስ ነው የሰጠው። የእግዜር እንግዳ በምጽዋት ያደረበትን ቤት አያማም፤ ቁንጫው ቢበላውም ያመሰግናል። የእኛ ሆቴል የሠራው ብልኀት ይኸው ነው፦ ከእቴጌይቱ ሆቴል ሒሳቡን፣ ከገበሬው ቤት የእንግዳውን ምስጋና ወሰደ፣ የእግር ውሃውን ግን ከሁለቱም ሳይወስድ ቀረ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? እኔ ባደርሁበት ፍትፍቱም ፊቱም «አልቋል።»

ስለዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት ክፍሉን ግባና ቧንቧውን ክፈት፣ ብርድ ልብሱን ዳስሰው፣ ወጥ ቤቱ ምን እንዳለው ጠይቅ፤ ጧትም «ተመችቶዎት አደሩ?» ብለው ቢጠይቁህ፣ ካልተመቸህ አልተመቸኝም በላቸው፤ ከፍለህበታልና።