ያገለገለ ጊታር ሽያጭ

ያገለገለ ጊታር ከባለቤቱ እጅ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በነጋዴ በኩል፣ ወይ በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ። ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ነጋዴው ገንዘቡን ወይም ምትክ መሣሪያውን በዕለቱ ያስረክባል፤ የጥገናውን ወጪና የነገ ትርፉን ግን አስቀድሞ ይቀንሳል። ይህን ብዝበዛ ለማለት አልደፍርም። ሱቁ ኪራይ አለበት፤ ጊታሩም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ገዥ ሲጠብቅ ወራት ሊቆጠሩ ይችላሉ።

በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ልፋቱ ግን የራሱ ነው። መሣሪያውን ሳያይ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ብዙ ነው፤ እመጣለሁ ብሎ የሚቀረውማ አይቆጠርም።

ዋናው ጉዳይ ግን የዕውቀት ልዩነት ይመስለኛል። የብረት አውታር የተወጠረበት አኩስቲክ ጊታር 70 ኪሎ ግራም ያህል ጉተታ ይሸከማል። ከዓመታት በኋላ አንገቱ ሊጎብጥ፣ አውታሮቹም ከጣት መርገጫው ሊርቁ ይችላሉ። በአንገቱ ውስጥ የሚስተካከል የብረት ዘንግ ካለ፣ ጉብጠቱ በመፍቻ ብዙውን ጊዜ ይቃናል፤ አውታሮቹ የታሰሩበት እንጨት ከድምፅ ሣጥኑ መላቀቅ ከጀመረ ግን ሙጫና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ነጋዴ ይህን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሲያይ፣ ሣጥኑንም ሲዳስስ ይደርስበታል። ጀማሪ ተማሪ ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ በቀጥታ የሚሸጥ ሰው፣ ዋጋው ቢወርድበትም እንኳ፣ ጉድለቱን ራሱ መናገር አለበት ባይ ነኝ።

የእኔን የገዛው አንድ የሙዚቃ መምህር ነው። ስንጥቁን በጣቴ አሳየሁት፤ ነጋዴው ከገመተልኝ ጥቂት በሚበልጥ ዋጋ ተስማማን፤ እዚያው ቃኝቶ ይዞት ሄደ።