የፊት በርና የጓሮ በር

● በኦሮራ ከተማ ያለችው ሃቫና ስትሪትም እንደ እንግሊዝ በኪንግሃም ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1971 በሚሲሲፒ አቬኑ ጥግ በኪንግሃም ስኩዌር የሚባል የገበያ ማዕከል ተከፈተ፤ በፓርኪንግ የተከበበ ትልቅ ግድግዳ። እሱ ፈርሶ ዛሬ በቦታው ጋርደንስ ኦን ሃቫና አለ። ጽጌረዳ ፍለጋ የሄደ ታርጌትን ያገኛል።

● የእንግሊዝ ባላባቶች በ18ኛው መቶ ዘመን አጥራቸውን በቦይ ውስጥ ይደብቁት ነበር። ከሳሎን ለሚያይ መስኩ መጨረሻ የለውም፤ በጎቹ ግን አያልፉም። ሃቫና ላይ መስኩ አስፋልት ነው። ሁለት ፕላዛዎችን የሚለየው ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ነው። እኛ ግን ጎረቤት ያለው ሱቅ ለመድረስ መኪና አስነስተን፣ ዋናውን መንገድ ዞረን እንገባለን። በግ ባንሆንም አጥሩ ይሠራብናል።

● የፕላዛው ፊት ጡብ ለብሷል፤ ጓሮው ራቁቱን የቆመ ብሎኬት ነው። በባላባቱም ቤት የአሽከሮቹ ደረጃ ከእንግዳ ዓይን የተሸሸገ ነበር። ጠዋት ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ቆም በሉ። የብረቱ በር በዘይት ጀሪካን ተደግፎ ተከፍቷል፤ የሽንኩርት ጆንያ ይገባል፣ የቁሌት ሽታ ይወጣል። ቤቱን ያቆሙት በዚህ በር የሚገቡት ናቸው፤ የሚያብለጨልጨው መብራት ግን በዚያኛው በር ነው።

● ከሃቫና ጥቂት ብሎክ ወደ ምዕራብ፣ ጋሊና ስትሪት ላይ፣ በ1890 የተሠራው ሴንቴኒያል ሃውስ አለ። ኩዊን አን የሚባለው ስልቱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ከተማዋን በ1891 በስሙ ያስጠራት ዶናልድ ፍሌቸር ነበር፤ በ1893 የብር ማዕድን ዋጋ ሲረክስ ጥሏት ሄደ። በ1907 ኦሮራ ተባለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ እዚህ ስሙ 16 ዓመት ኖሮ ሞተ፣ ቤቱ ቀረ።

● ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስን ገዝተው ኖሩበት። እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጡት። የንጉሥ ቤት የነበረው የሽማግሌዎች ሆነ። የእኛ አባቶች ግን ዛሬም ሃቫና ላይ በአንድ ስኒ ቡና ወንበር እየተከራዩ ይጨዋወታሉ።

● ነገ አዳራሽ ለመግዛት ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃውን ዙሩት። የጓሮ በሩን ክፈቱና እዩ፤ አረጋውያን የሚያርፉበት ጥግ መኖሩንም ጠይቁ። የፊቱን ጡብ ሻጩ ራሱ ያሳያችኋል።