ሳይጠገን የመሰከርንለት እግር



ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ እግር ስብራት ነው። ለመንፈሳዊ ጽሑፍ እንግዳ ርዕስ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ጌታ በአንዲት እህታችን እግር በኩል የወቀሰን ነገር አለ፤ ደብቀነው ከምንኖር ብንናገረው ይሻላል ብለናል። እኛ ባልና ሚስት ሆነን ጉባኤ ማገልገል ከጀመርን ሃያ ዓመት አልፎናል፣ ሁለታችንም ሃምሳን ተሻግረናል። ይህን ያህል አገልግለንም ገና የምንማረው አለ።

እህታችን ከመዘምራን አንዷ ናት። በሳምንቱ ቀናት ፀጉር ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየሠራች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አንድ ሐሙስ ማታ ከልምምድ ስትወጣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የመጨረሻውን ደረጃ ሳተችና እግሯ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ስንደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ የእግሯን ውጫዊ ጠርዝ ይዛ ነበር። "ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ" አልናት፤ አንቀሳቀሰች። "እንግዲያማ አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው" ብለን ፈረድን። በማግስቱ ወጌሻ በቅቤ አሸላት። እሑድ እግሯ አብጦና ጠቁሮ መጣች። ከስብከት በኋላ ወደ ፊት ጠርተን እጃችንን ጭነን ጸለይንላት። "በእምነት ተራመጂ" አልናት። ተራመደች። ጉባኤው በእልልታ ተሞላ። ማይክራፎኑን ሰጠናትና ጌታ እንደ ፈወሳት መሰከረች።

ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ በዚያው እግር ቆማ ሠራች።

እብጠቱ አልጎድል ሲል ፀጉር ቤት አብራት የምትሠራ፣ ጌታን የማታውቅ ልጅ ናት ሆስፒታል የወሰደቻት። ራጅ ተነሣች። ከትንሿ ጣት ጀርባ ያለው ረጅሙ አጥንት፣ ወደ እግሯ መሐል በሚቀርበው ጫፉ አካባቢ ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሙ ያ ቦታ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ለመጠገን የሚዘገይ መሆኑን ነገራት። ጀሶ ተደረገላት፣ በክራንች ብቻ እንድትሄድና ለስድስት ሳምንት ያንን እግር መሬት እንዳታስረግጥ ታዘዘች። ካልያዘ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ብሎን ሊገባበት እንደሚችል ተነገራት።

ቤቷ ሄደን ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለችን፦ "ፓስተር፣ ያን ቀን እኮ አልተሻለኝም ነበር። ሁሉም ሰው ቆሞ እያጨበጨበ እናንተን ማሳፈር ከበደኝ።"

ወገኖች፣ ይህን ቃል ሰምተን ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እህታችንን የሰበራት ደረጃው ነበር፤ በተሰበረው ላይ ያቆምናት ግን እኛ ነን። ይባስ ብሎ በጌታ ስም ያልሆነውን ሆነ እንድትል አደረግናት።

ከዚያ ወዲህ ስለ እግር አጥንት ጠይቀናል፣ አንብበናል። በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ፤ ከእነዚህ 14ቱ የጣቶች ናቸው። በሁለቱ እግሮች ያሉት ሲደመሩ ከመላው ሰውነታችን አጥንቶች ሩቡን ያህል ይሆናሉ። እህታችን ላይ የደረሰው ዓይነት ስብራት በሕክምናው ዓለም የጆንስ ስብራት ይባላል። ሮበርት ጆንስ የተባለ ብሪታንያዊ የአጥንት ሐኪም ሲጨፍር የራሱ እግር ተጎድቶ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳት ጻፈ። እሱ ራሱ የአጥንት ሐኪም ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ጅማት የተበጠሰ መስሎት ነበር፤ አጥንቱ መሰበሩን ያሳየው ራጅ ነው። ሐኪሙ በገዛ እግሩ ከተሳሳተ፣ እኛ በደረጃ ሥር በባትሪ ብርሃን አይተን "ወለምታ ነው" ማለታችን ምን ያህል ድፍረት ነበር!

ስለዚህ እኛ ከስሕተታችን የተማርነውን እናንተ ያለ ስሕተት እንድትይዙት እንጻፈው። ጣት ስለ ተንቀሳቀሰ አጥንት አልተሰበረም ማለት አይደለም። የተጎዳው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ መካከል ያለችውን ጎርባጣ አጥንት ስትነኩት ካመመው፣ ራጅ ያስፈልገዋል። እግሩ ቅርጹን ከለወጠ፣ ቆዳው ከተቀደደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ለነገ አይባልም። እስከዚያ ድረስ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ ይጠቅማል። ማሸት ግን ስብራቱን ሊያናጋው ይችላል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰርም ደም አስቁሞ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደረሰባቸው ብዙዎች ናቸው። ወጌሻዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ በቆዳ ውስጥ ያለውን በእጅ ብቻ ማየት አይቻልምና ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ደንዝዞ ስብራቱ ላያመው ስለሚችል፣ አላመመኝም ብሎ መቆየት የለበትም።

የትንንሾቹ ጣቶች ስብራት ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው። ሐኪሙ በመካከል ጥጥ አድርጎ የተሰበረውን ጣት ከጤነኛው ጎረቤቱ ጋር ያስረዋል፤ ሶሉ ጠንካራ ጫማ አድርጎ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። አውራ ጣት ግን የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም ሁልጊዜ በሐኪም መታየት አለበት።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን የተማርነው አንድ የግሪክኛ ቃል አሁን ነው የገባን። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 6፥1 በኃጢአት የወደቀውን ወንድም በየዋህነት አቅኑት ሲል የተጠቀመበት ቃል፣ በማቴዎስ 4፥21 መረብ ለመጠገን የዋለው ቃል ነው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞችም የተሰበረን ወይም የወለቀን አጥንት ወደ ቦታው ለመመለስ ተጠቅመውበታል። ያን ጊዜ ለፈተና ሸምድደነው ነበር። አጥንት የሚመልስ ሰው መጀመሪያ በትክክል ያያል፣ ቀስ ብሎ ይነካል፣ ከዚያም ጊዜ ይሰጣል። እኛ ግን ሳናይ ፈረድን፣ ሳንጠብቅ አስቆምናት። በእግር ብቻ አይደለም፤ ትዳሩ የፈረሰበትን፣ ከሱስ ትናንት የወጣውን፣ ልጁን የቀበረውን ወንድም "ድነሃል፣ ተነሥና መስክር" ብለን በተሰበረው ላይ ያቆምንባቸው እሑዶች ስንት ናቸው?

ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ እናምናለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 በመቅደሱ ደጅ የነበረው ሰው እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ጸንቶ ዘለለ፤ ማንም እንዲያስመስል አልገፋውም። ያው ጌታ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ሕዝቅያስን እፈውስሃለሁ ብሎ ተስፋ ከሰጠው በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ አምላክ ነበሩ። እምነት ሕመምን መካድ አይደለም።

በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመን ያንን ምስክርነት አረምን፤ እህታችንንም ይቅርታ ጠየቅን። አንዳንድ ሽማግሌዎች "አዲስ የመጡት ይሰናከላሉ" ብለው ተጨንቀው ነበር። ከጸሎት በኋላ ግን አንድ አባት ቀስ ብለው መጥተው ጫማቸውን አወለቁ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጣታቸው አብጦ ቀልቷል። ጸልየው እምነት የጎደላቸው እንዳይመስል ደብቀውት ነበር። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዘናቸው ሄድን።

የእህታችን እግር ለመያዝ አራት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ የፀጉር ቤት ገቢዋ ስለ ቆመ፣ ወገኖች ተራ ገብተው የቤት ኪራይ ከፈሉላት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አደረሱላት። እንደ ታሰረችው ጣት ጤነኛው አጠገቧ ሆኖ ተሸከማት። አሁን ትዘምራለች፤ ረጅም መዝሙር ሲሆን ወንበር እናቀርብላታለን፣ ማንም አያፍርም።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ከእኛ መካከል አንዱ ሕመማችሁን እንድትደብቁ አድርጓችሁ ከሆነ ይቅር በሉን። ክርስቶስ ዘንድ ስትመጡ እያነከሳችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

አባት ሆይ፣ የሰበርነውን አንተ ጠግን። በአንተ ስም ከመቸኮል ጠብቀን። ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለታመሙት ትዕግሥትን፣ ለእኛ ለአገልጋዮችህ እውነትን ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።