ትንሿ ጣት

«ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። በኪቦርድ ሲጻፍ ግን አምስት ጊዜ ይነካል። እኔ ትርጉም ነው የምሠራው፣ የሚከፈለኝም በቃል ነው፤ ስለዚህ «በየሰዓቱ ተነሥ፣ ተንጠራራ» የሚለውን ምክር ባነበብኩ ቁጥር መካሪው የወር ደመወዝተኛ ነው እላለሁ። ለእኔ ዕረፍት ዋጋ አለው፤ በብር።

ባለፈው ክረምት ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጄ ይደነዝዝ ጀመር። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣት። ትንሿ ጣት ግን ደህና! ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝም ስለ እሷ ነው። በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ለሦስቱ ጣቶችና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት ይሰጣል፤ የትንሿ ሌላ ነው። አንጓ ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጨመቃል። ሌሊት የሚብሰውም ስንተኛ እጃችንን ስለምናጥፍ ነው። አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የሌሊት ማሰሪያ አዘዘችልኝ፤ እሱ ረድቶኛል።

ቀኑስ? ስልኬ በየ20 ደቂቃው እንዲጮህ አደረግኩ። ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር እይ የምትባለዋ ናት። ሕጓ ጥሩ ናት፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ስለሆነ ይደርቃል። ግን የኮንዶሚኒየም ክፍሌ ውስጥ 6 ሜትር ከየት ይምጣ? ደግሞ ስልክ በአንድ ጣት ዝም ይላል።

ጎረቤቴ እትዬ ግን ዝም አይሉም። «አንተ ልጅ፣ ና ቡና ጠጣ!» ካሉ አለቀ። አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፣ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ከቆላው ጀምሮ ከተቀመጥኩማ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ስንት ቃል እንደሚተረጎም አስልቼዋለሁ፤ ባልነግራችሁ ይሻላል። ስኒ ደግሞ ጆሮ የለውም፤ ጠርዙን የምይዘው በእነዚያው በሦስቱ ጣቶች ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከተሰማኝ ቀኑ ጥሩ ነው ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን አፕ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ለደንበኛ ቀን ስቆርጥ የቡናውን ሰዓት አስቀድሜ እቀንሳለሁ። አንዱ «ለነገ ጠዋት ካልሆነ ይቅር» አለኝ። ቀረ። የእሱን ቦታ የሚሞላ ሥራ እስካሁን አላገኘሁም፤ የዚህ ወር የቤት ኪራይ ግን ተከፍሏል።