ጳጉሜ 6 የተወለደው ጓደኛችን

ከሆሳዕና አብሮን የመጣ አንድ ጓደኛችን የተወለደው ጳጉሜ 6 ቀን 1995 ዓ.ም.፥ ያሆዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። በኢንተርኔት ለውጭ አገር የነጻ ትምህርት ሲያመለክት፥ ቅጹ ከ12 ወር በላይ አላውቅም አለው። እኛም፥ ዐዋቂዎች ነን ባዮቹ፥ በዓመቱ ላይ 8 ደምረን፥ ወሩን «ሴፕቴምበር» ብለን፥ 6ን እንዳለ ተውነው። በፓስፖርቱ ያለው ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ነበርና ማመልከቻው ወደቀ።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ወር አያዳላም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ለታኅሣሥ 23 አጥቢያ 1962 ዓ.ም.፥ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው። ፈረንጆቹ ይህንኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይሉታል። ከዚያ ወደ ጳጉሜ መመለስ የማካፈል ሥራ ነው፤ አራቱ ዓመት 1461 ቀን፥ ወሩ 30 ቀን። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች እንኳ በእርሳስ ሠርተን አገኘነው፤ የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ።